አንዲቱን ነብር ሁለት ብለው የቆጠሩት የዶክተር እህታችን የሕይወት ታሪክ

ዶክተር እህታችን ከአባታቸው ከልብስ ሰፊው እና ከእናታቸው ከስልክ አገናኟ፣ ከአባታቸው ሱቅ በስተጀርባ ባለችው ባለ ሁለት ክፍል ቤት የመጀመሪያ ልጅ ሆነው ተወለዱ። የተወለዱበትን ቀን መጥቀስ የእንዲህ ያለ ጽሑፍ ደንብ ነው፤ ነገር ግን ገና ከመጀመሪያው መስመር ውሉ ጠፍቷል። የትምህርት ቤት ወረቀታቸው አንድ ቀን ይላል። መታወቂያቸው ደግሞ ከዚያ በአንድ ዓመት ከሁለት ወር የዘገየ ሌላ ቀን ይላል። እናታቸው በሕይወት ሳሉ ሲጠየቁ፣ «ዝናብ ይዘንብ ነበር፤ ሌላውን እናንተ ድረሱበት» ብለው ነገሩን ዘግተውታል። ስለዚህ ዶክተር እህታችን ያረፉት ወይ በስልሳ ስምንት ወይ በስልሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ዕድሜ ልካቸውን ሲቆጥሩ የኖሩ ሰው የራሳቸው ዕድሜ በወጉ ሳይቆጠር ቀረ።

ይህን ጽሑፍ እንዲያዘጋጅ የታዘዘው ታናሽ ወንድማቸው፣ የአባቱን ሱቅ ወርሶ እስከ ዛሬ በዚያው መኪና የሚሰፋው ልብስ ሰፊ ነው። አንድ ልጃቸው ነርሷ፣ «አጎቴ፣ ከአንተ በላይ የሚያውቃት የለም፤ አንተ ጻፈው» ብላ ደብተር ስትሰጠው እምቢ ለማለት አፉን ከፍቶ ነበር። ግን ምን ይበል? እስኪታመሙ ድረስ ስምንት ዓመት ከእህቱ ጋር ሆድና ጀርባ ሆኖ እንደኖረ ልጅቷም ታውቃለች። ደብተሩን ተቀብሎ ሲቀመጥ ሁለት ነገር ግራ አጋባው። አንደኛ፣ የእህቱ ሥራ በሰው ፊት የሚነበብ ኩራት ነው ወይስ ተሸፍኖ የሚቀበር ውርደት? ሁለተኛ፣ ከስምንት ዓመት በፊት በዚያች የመጨረሻ ቀን ለምን ሳቁበት? እነዚህን ሳያውቅ ሰው ፊት ቆሞ እንዴት ያነባል?

ዶክተር እህታችን ከሕፃንነታቸው ጀምሮ መቁጠር ይወዱ ነበር። ከሱቁ እስከ ዋናው መንገድ ያለውን አርባ ሁለት ደረጃ፣ ትናንት የነበረው ዛሬ የሚሰደድ ይመስል፣ በየቀኑ ይቆጥሩት ነበር። የአባታቸውን ቁልፎች በቀለም፣ በስፋትና በቀዳዳ ብዛት ለይተው በየቆርቆሮው ያስቀምጡ ነበር። አባታቸው፣ «ይቺ ልጅ ወይ ታስከብረናለች ወይ ታሳብደናለች» ይሉ ነበር። ቤተሰቡም «ቆጣሪዋ» የሚል ስም አወጣላቸው። ንግግር ግን አይወዱም። ታናሽ ወንድማቸው በልጅነቱ ከእሳቸው አፍ የሰማው ረጅሙ ንግግር «ቁልፌን መልስ» የሚል ነው።

የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ከቤታቸው ሁለት መንገድ ርቆ በሚገኘው ትምህርት ቤት አጠናቀው በከፍተኛ ውጤት ዩኒቨርሲቲ ገቡ። በሥነ ሕይወት ትምህርት የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ያዙ። ለሁለተኛ ዲግሪያቸው የእህል መጋዘን አይጦችን ለሁለት ዓመት አጠኑ፤ እናታቸው ይህንን ለጎረቤት ሲያወሩ «የእህል ጥናት» ነበር የሚሉት። ከዚያም ወደ ውጭ ሄደው በዱር እንስሳት ሥነ ምህዳር የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ተቀብለው በሠላሳ ሦስት ዓመታቸው ተመለሱ። «ዶክተር» ተብለው መመለሳቸው ሲሰማ ግን ሰፈሩ ሳሉንና የወገብ ሕመሙን ይዞ ተሰለፈ። እሳቸው በሩ ላይ ቆመው፣ «እኔ የሰው አይደለሁም» ቢሉ በማግስቱ አንዲት ጎረቤት ድመቷን ይዛ መጣች። «የእንስሳም ሐኪም አይደለሁም» አሉ። «ታዲያ ምን ታደርጊያለሽ?» አለች ጎረቤቲቱ። «እቆጥራለሁ» አሉ። ወንድማቸውም እስካለፈው ሳምንት ድረስ ስለ እህቱ ሥራ ከዚህ የበለጠ ማብራሪያ አልነበረውም።

ወዲያው በዩኒቨርሲቲው አስተማሪና ተመራማሪ ሆነው ተቀጠሩ። የሥራ ክፍላቸው ከምድር ቤቱ ኮሪደር ጫፍ ላይ የነበረች፣ መስኮቷ ከመሬት እኩል የሆነ፣ የአላፊ አግዳሚው ጫማ ብቻ የሚታይባት ጠባብ ክፍል ናት። በመሳቢያዎቹ ውስጥ የራስ ቅሎች ቁጥር ተጽፎባቸው ተደርድረዋል። ከጥግ ያለችው ማቀዝቀዣ በር ላይ በእጅ ጽሑፋቸው «ምግብ አይደለም» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ወንድማቸው አንድ ጊዜ ምሳ ሊያደርስ ሄዶ ያቺን ማቀዝቀዣ ከፍቶ ያየውን እዚህ መጻፍ አያስፈልግም።

በሠላሳ አራት ዓመታቸው ከሙዚቃ አስተማሪው ባለቤታቸው ጋር ጋብቻ ፈጸሙ። በጋብቻቸውም ዛሬ ነርስ የሆነችውን ልጃቸውን አፍርተዋል። ባለቤታቸው ከአሥራ አራት ዓመት በፊት እስኪያርፉ ድረስ በፍቅር ኖረዋል። እንዲህ ዝምተኛ የሆኑ ሰው ቀኑን ሙሉ ፒያኖ ከሚመታ ሰው ጋር እንዴት ተስማሙ የሚለው ጥያቄ በቤተሰቡ ውስጥ እስከ ዛሬ መልስ አላገኘም።

ስማቸውን ያስጠራው ሥራ የተጀመረው ከከተማዋ ዳር፣ ከውኃ ማጠራቀሚያው ግድብ ጀርባ ባለው ጫካ ነው። እዚያ የሚኖሩትን ነብሮች ለመቁጠር በየመተላለፊያቸው አንዳንድ ካሜራ ዛፍ ላይ አሰሩ። እንስሳው ሲያልፍ ካሜራው በራሱ ፎቶ ያነሳል። የአንዱ ነብር ነጠብጣብ ከሌላው ስለማይመሳሰል፣ እሳቸው በነጠብጣቡ እየለዩ ለእያንዳንዱ ስም ይሰጡ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ሠሩ። ከሁሉም በላይ የወደዷቸው በአንዲት ጠባብ መንገድ ላይ የሚያልፉትን ሁለት ሴት ነብሮች ነበር። አንደኛዋ ምሽት ላይ ብቻ ትታያለች፤ ስሟን አምሺዋ አሏት። ሌላኛዋ ጎህ ሲቀድ ብቻ ትታያለች፤ ስሟን ማለዳ አሏት። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ሁለቱ አንድም ቀን አብረው አልታዩም፤ አንድም ቀን አልተጣሉም።

በአርባ ስምንት ዓመታቸው ይህንኑ ጽፈው አሳተሙ። ቁጡ የሚባሉት እንስሳት ሰዓት ተከፋፍለው፣ ሳይገናኙና ሳይነካኩ አንድ መንገድ ይጋራሉ የሚል ጥናት ነበር። በጫካው ሠላሳ አንድ ነብሮች አሉ የሚለው ቁጥርም እዚያው ውስጥ ወጣ። ጽሑፉ አገር ላገር ዞረ፤ በመማሪያ መጻሕፍት ገባ። በየስብሰባው ተጠሩ፤ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ሆኑ። ወንድማቸው ጋዜጣ ላይ የወጣውን ፎቷቸውን ቆርጦ ከሱቁ መስታወት አጠገብ ሰቀለ። ለልክ የሚቆም ደንበኛ ሁሉ እጁን እንደዘረጋ ስለ አምሺዋና ስለ ማለዳ ሳይሰማ አይወጣም ነበር። ጠበኛ ጎረቤቶች ሲያጋጥሙትም «ከነብር ተማሩ» ይላቸው ነበር።

በሃምሳ ዘጠኝ ዓመታቸው አንድ ከሰዓት በኋላ የካፖርታቸው ገበር ተቀዶ ወደ ሱቁ መጡ። ወንድማቸው ገበሩን ሲያይ ቁልፉም ሊወድቅ መሆኑን አይቶ መጀመሪያ ቁልፉን መትከል ጀመረ። እሳቸው ሁለት ትልልቅ ፎቶዎች ከቦርሳቸው አውጥተው ባንኮኒው ላይ ዘረጉ። አንዱ የአምሺዋ፣ አንዱ የማለዳ ነበር። ለመጽሐፍ ሽፋን የትኛዋ እንደምትሻል ሊጠይቁት ነው። እሱም መርፌውን ሳያቆም ቀና ብሎ አየና፣ «እትዬ፣ ይሄማ የአንድ ጣቃ ጨርቅ ነው። እይው፣ ጀርባው ላይ ይገጥማል» አለ። ለቀልድ አልነበረም፤ እጁ የለመደውን ነው የተናገረው። ባለመስመር ጨርቅ ሲሰፋ የግራው መስመር ከቀኙ መግጠሙን ሳያይ መርፌ አይወጋም። ዶክተር እህታችን ፎቶዎቹን አንስተው አጋጠሟቸው። የጀርባውን ነጠብጣብ አንድ በአንድ ቆጠሩ። ከዚያ ፎቶዎቹን ይዘው በዝናብ ያለ ካፖርት ወጡ። «እትዬ! ካፖርትሽ!» ብሎ እስከ ደረጃው ተከተላቸው፤ አልዞሩም። ምን እንዳስቀየማቸው ሳይገባው ቀረ። ካፖርቱን ከሳምንት በኋላ ሾፌራቸው መጥቶ ወሰደው።

በቀጣዩ ዓመት ጥናቱን ባወጣው በዚያው መጽሔት ላይ በገዛ እጃቸው ማረሚያ ጻፉ። የነብሮቹ ቁጥር ሠላሳ አንድ ሳይሆን አሥራ ስምንት ነው፤ አምሺዋና ማለዳ የሚባሉ ሁለት ነብሮችም የሉም አሉ። አንድ ጋዜጣ «ተመራማሪዋ አሥራ ሦስት ነብሮች አጠፉ» ብሎ ጻፈ። ከዚያ በኋላ ሱቁ ውስጥ ልብስ መለካት ቀረ። «እህትህ ነብሮቹን የት አደረሰቻቸው?» ይላል አንዱ። «ሸጠቻቸው አሉ» ይላል ሌላው። ከመስታወቱ አጠገብ የነበረው ፎቶ ወረደ። ብዙም ሳይቆይ ከኃላፊነታቸው መነሳታቸው ተሰማ።

ወንድማቸው የዚያን ሰሞን ቤታቸው ሄደ። ማረሚያው ምን እንደሚል አላነበበም፤ የተጻፈበትንም ቋንቋ አያነብም። የሚያውቀው እህቱ ራሳቸውን በአደባባይ ማዋረዳቸውን ብቻ ነበር። «እትዬ፣ ማን ጠየቀሽ? ማን አስገደደሽ? ዝም ብትዪ ማን ያውቅብሽ ነበር?» አለ። ዶክተር እህታችን ለአፍታ አዩትና ሳቁ። ያ ሳቅ የዋዛ አልነበረም። እንባቸው እስኪፈስ፣ የወንበሩን መደገፊያ እስኪይዙ ድረስ ሳቁ። በሕይወቱ እህቱ ሲስቁ ሲያይ ያ የመጀመሪያው ነበር። መሐይምነቱን ያሾፉበት መሰለው። እሳቸው እጃቸውን ወደ እሱ ዘርግተው አንድ ነገር ሊናገሩ ሲሉ በሩን ዘግቶ ወጣ። ይህንን ሲጽፍ ያፍራል፤ ግን የሆነው ይኸው ነው።

ከወር በኋላ አንድ ፖስታ በሱቁ አድራሻ ደረሰው። ውስጡ በወፍራም ወረቀት የታተመው ማረሚያ ነበር። ደብዳቤ የለውም፤ ከመጨረሻው ገጽ ግርጌ ላይ ብቻ በእርሳስ ተሰምሮበታል። ልብስ ሰፊው ይህንን ሁለተኛ ሹፈት አድርጎ ቆጠረውና ወደ መሳቢያው ወረወረው። ወረቀቱ ጥሩ ወረቀት ነበር። በኋላ ምን እንዳደረገበት ከታች ይነገራል።

ዶክተር እህታችን ባለፈው ዓመት መጨረሻ ድንገት ራሳቸውን ስተው ሆስፒታል ገቡ። ግራ ጎናቸው አልታዘዝ አለ፤ ንግግራቸውም ተዘጋ። ወንድማቸው ይህንን ሲሰማ ኩርፊያው የት እንደደረሰ አያውቅም፤ ሱቁን ሳይቆልፍ ነው የሮጠው። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ከሰዓት ከአልጋቸው አጠገብ ተቀምጧል። አንድ ቀን፣ የሚንቀሳቀሰውን ቀኝ እጃቸውን አንስተው የለበሰውን ባለመስመር ሸሚዝ ኪስ ነኩ። ጣታቸውን በአንዱ መስመር ላይ ከኪሱ ወደ ደረቱ አሻገሩት፤ መስመሩ ሳይሰበር እንደሚያልፍ የሚፈትሹ መሰሉ። ከዚያ በግማሽ ከንፈራቸው ሳቁ። ይቅር ያሉት ነው? ወይስ እንደገና ያሾፉበት? መጠየቅ እንጂ መልስ ማግኘት አይቻልም ነበር። በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ባለፈው ማክሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ልጃቸው እጃቸውን እንደያዘች ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

ሐዘን ለመድረስ ከመጡት ሰዎች ግማሹን ቤተሰቡ አያውቃቸውም። የድሮ ሾፌራቸው ገና ከመቀመጡ፣ «እትዬ ጥንድ እኮ መኪና ውስጥ ሰው በሳቅ ይገድሉ ነበር! ከግድቡ እስከ ከተማ ዝም ያሉበት ቀን የለም» አለ። ወንድማቸው ሰውዬው ልቅሶ የተሳሳተ መስሎት ጎረቤት ማን እንደሞተ ማሰብ ጀመረ። ሾፌሩ ግን የዶክተሯን ድምፅ አስመስሎ ተናገረ፤ ድምፁ የእህቱ ነበር። ሌሎቹም እንዲሁ ቀልዳቸውን፣ ዘፈናቸውን፣ ሲናደዱ የሚራገሙትን ያወሩ ጀመር። ለካ «እትዬ» የሚለውን የእሱን ቃል ሃምሳ ሰው ወስዶበታል! ቤት ያለችው ቆጣሪዋና ጫካ ያለችው እትዬ ጥንድ አንድ ቀን እንኳ ተገናኝተው የሚያውቁ አይመስሉም ነበር።

በመጨረሻ፣ ዛሬ በእሳቸው ክፍል የምታስተምረውን መነጽራሟን የቀድሞ ተማሪያቸውን ይዟት ወደ ሱቁ ወረደ። ደብተሩን ገልጦ፣ «የኔ ልጅ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ይሄን ማረሚያ ልዝለለው? ሰው ፊት እንዳላሳፍራት» አላት።

ልጅቷ መነጽሯን አውልቃ አየችው። «ይዝለሉት? ጋሼ፣ እሳቸው የታወቁት እኮ በእሱ ነው» አለች። ከዚያ እንደ ተማሪ ወንበር ላይ አስቀምጣ አስረዳችው። ካሜራው ከመንገዱ በአንድ ወገን ብቻ ነበር። ነብሯ ምሽት ለአደን ስትወጣ ግራ ጎኗን ያነሳታል፤ ንጋት ላይ ወደ ዋሻዋ ስትመለስ ቀኝ ጎኗን ያነሳታል። የግራና የቀኝ ነጠብጣብ ደግሞ አይመሳሰልም፤ የሚገጥመው ጀርባዋ ላይ ብቻ ነው። ሰዓት ተከፋፍለው መንገድ የሚጋሩ ሁለት ጨዋ ጎረቤቶች የተባሉት፣ አንዲት ነብር ከቤቷ ወጥታ ስትገባ ነበር። «ዓለም ሁሉ አሥራ ሁለት ዓመት አስተማረው» አለች፤ «ማንም አላየውም። ከማረሚያው በኋላ ግን በየአገሩ ካሜራ የሚተከለው ጥንድ ጥንድ ሆኖ፣ ፊት ለፊት ነው። እትዬ ጥንድ የተባሉትም ለዚህ ነው። እኔ አንደኛ ዓመት ተማሪዎቼን የማስነብባቸው የመጀመሪያ ጽሑፍ ይኼ ማረሚያ ነው። ደግሞ ነብሮቹ ሠላሳ አንድ ናቸው እንደተባለ ቢቀር ኖሮ፣ በዝተዋል ተብሎ አውራ ጎዳናው በጫካው መሐል ያልፍ ነበር። አሥራ ስምንት በመሆናቸው ዞረ። ከኃላፊነትም ያነሳቸው የለም፤ ካሜራ ልተክል ብለው ራሳቸው ለቀቁ።» እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚባለው እንዲህ ላለው ነው፤ ለልብስ ሰፊው ግን ስምንት ዓመት ዘግይቶ ነው የነጋለት።

«የላኩልዎት ቅጂ የለም?» አለች። ከመሳቢያው አወጣላት። ገለጠችውና የመጨረሻውን ገጽ ስታይ ፈገግታዋ ቆመ። ገጹ ግርጌው የለም። በመቀስ ግማሽ ጨረቃ ሆኖ ተቆርጧል። ልብስ ሰፊው ያኔ አስታወሰ። ከስፌት መኪናው በላይ ምስማር ላይ የተንጠለጠለውን የኮሌታ መቁረጫ ወረቀት ቀና ብሎ አየ። ስምንት ዓመት ሙሉ በጠመኔ እያሰመረ የሸሚዝ ኮሌታ ሲያወጣበት የኖረው ወረቀት ያ ነው። የዚህ ሰፈር ወንድ ሁሉ፣ ዛሬ እዚህ ከቆማችሁትም ብዙዎቻችሁ፣ አንገታችሁ ላይ ያለው ኮሌታ በእሱ ልክ የተቆረጠ ነው።

ልጅቷ ወረቀቱን ከምስማሩ አውርዳ፣ የጠመኔውን ብናኝ በጣቷ ጠርጋ፣ በእርሳስ የተሰመረበትን ወደ አማርኛ እየመለሰች አነበበችለት። እንዲህ ይላል፦ «ይህንን ስህተት ያገኘሁት እኔ አይደለሁም። ያገኘው ወንድሜ ልብስ ሰፊው ነው። እኛ በአሥራ አንድ ዓመት ያላየነውን፣ እሱ ቁልፍ እየተከለ ‹የአንድ ጣቃ ጨርቅ ነው፤ ጀርባው ላይ ይገጥማል› ብሎ ነገረኝ። ምን እንደነገረኝ እስካሁን አያውቅም። ሳገኘው እነግረዋለሁ፤ አብረን እንስቃለን።»

«ዝም ብትዪ ማን ያውቅብሽ ነበር?» ብሎ የጠየቃቸው ይኸው ሰው ነው። ለካ የሳቁት ለዚህ ነበር። እጃቸውን የዘረጉትም ይህንኑ ሊነግሩት ነበር፤ እሱ ግን በሩን ዘጋ። ዶክተር እህታችን ቃላቸውን ጠብቀው ድርሻቸውን በጊዜው ስቀዋል፤ የእሱ ድርሻ ስምንት ዓመት ሳይሳቅ ቀርቷል። ጽሑፉን የሚያነብላችሁም እሱ ራሱ ስለሆነ፣ እዚህ ቦታ ላይ ሲደርስ ሳቅ ቢያመልጠው ወይም ድምፁ ቢቆረጥ ቤተ ዘመድ ይቅር ይበሉት።

ዶክተር እህታችን የአንዲት ሴት ልጅ እናት፣ የሁለት የልጅ ልጆች አያት፣ የአንድ ልብስ ሰፊ ታላቅ እህትና ቤተሰቡ ቆጥሮ ያልጨረሳቸው ተማሪዎች አስተማሪ ነበሩ። በሕመማቸው ጊዜ ላስታመሙ፣ በሐዘኑ ከቅርብም ከሩቅም ለደረሱ ሁሉ ቤተሰቡ ከልብ ያመሰግናል። የወጡበት መንገድ የመመለሻቸውም መንገድ ነው፤ ፈጣሪ በሰላም ያስገባቸው። ቤት ያወቅናቸውም ጫካ ያወቋቸውም ዛሬ ከአንድ ሣጥን አጠገብ ቆመናል፤ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ይቁጠርልን፣ አንድ ብሎ።